ድር የለው፣ ማግ የለው፦ ከልጆች ጋር የፍሊስ ስካርፍ ስለመሥራት

(ሚኒሶታ ውስጥ ለቅዳሜ አማርኛ ትምህርት አስተማሪዎችና ወላጆች የተደረገ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ በረዶ መኪናችሁን ጠርጋችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

የተጠራሁት ስለ ፊደል ማስቆጠር እንድናገር ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝና ስለ ጨርቅ ላወራ ነው። ፊደሉም ከጨርቁ ጋር ይመጣል፤ ትንሽ ታገሱኝ።

ይኼን በእጄ የያዝኩትን ቀይ ስካርፍ አምና ክፍሌ ውስጥ አንድ የ9 ዓመት ልጅ ነው የሠራው። ከኋላ ያላችሁ ላይታያችሁ ስለሚችል ልንገራችሁ። አንደኛው ጫፍ ከሌላው በሁለት ጣት ይሰፋል። ዘርፉ አንዱ ረጅም ነው፣ አንዱ አጭር። እዚህ ጋ ደግሞ መቀስ አምልጦት ወደ ውስጥ ገብቷል። ልጁ ግን ክረምቱን ሙሉ ከአንገቱ አላወረደውም። ለዛሬ እንዲያውሰኝ እናቱ ሳምንቱን ሙሉ ስትለምነው ነው የከረመችው።

ክፍሌ ውስጥ 12 ልጆች አሉ። ትንሹ 8 ዓመቱ ነው፣ ትልቋ 12። አብዛኞቹ እዚሁ የተወለዱ ናቸው። አማርኛ ይሰማሉ፤ መልሱ ግን በእንግሊዝኛ ነው። "ራት በላህ?" ሲሉት "የስ" የሚል ልጅ ሁላችንም ቤት አለ። ፊደሉን ከ"ሀ" ጀምረው እየዘመሩ ይወጡታል። "መቀሱን አቀብዪኝ" በል ብትሉት ግን ይተያያሉ። አይገርምም። መቀስ በአማርኛ ይዘው አያውቁማ!

አንድ ቅዳሜ እንግዲህ የፊደል ገበታውን ጠቅልዬ ፍሊስ የሚሉትን ለስላሳ፣ ጸጉራም ጨርቅ ይዤ ገባሁ።

ለምን ፍሊስ? ሹራብ በአንድ ቀን አያልቅም። ልጅ ደግሞ ያልጨረሰውን ነገር በሚቀጥለው ቅዳሜ አያመጣውም፤ ይጠፋዋል፣ ወይ ውሻ ይበላዋል። ስፌት መርፌ አለው። 12 ልጅና 12 መርፌ፣ አዋቂ ደግሞ እኔ ብቻ፤ አስቡት። ተራ የጥጥ ጨርቅ ሲቆረጥ ጠርዙ ይተረተራል፤ መቀምቀም ይፈልጋል። ፍሊስ አይተረተርም። እንዳሻችሁ ቆርጣችሁ ብትተዉት እንደተቆረጠ ይኖራል።

የማይተረተረው ያለ ምክንያት አይደለም። ነጠላችን ድርና ማግ ነው። ድሩ በቁመት ይዘረጋል፣ ማጉ በአግድም ይገባል። ጫፉን ስትቆርጡት ማጉ የሚይዘው ነገር ያጣና ክሩ መርገፍ ይጀምራል። ፍሊስ ግን ቀለበት በቀለበት እየተያያዘ የሚሠራ የሹራብ ዘር ነው። ከተሠራ በኋላ ጥቃቅን የሽቦ ጥርስ ባለው ብሩሽ ይቦጫጨራል። ያኔ ጸጉር ያወጣል። ጸጉሩ ተላጭቶ ይስተካከላል። አንገታችንን የሚያሞቀው በዚያ ጸጉር መሃል የታሰረው አየር ነው። ውኃም እምብዛም አይጠጣም፤ በረዶ ነክቶት ቢረጥብ ቶሎ ይደርቃል። ንፋስ ግን ያሳልፋል። ስለዚህ ካፖርት ሥር ነው ቦታው።

እንግሊዝኛው ቃል መጀመሪያ የበግ ጸጉር ማለት ነው። ይኼን ጨርቅ ግን በግ አያውቀውም። ፖሊስተር ነው፤ የውኃ ጠርሙስ ከሚሠራበት ፕላስቲክ ጋር አንድ ዘር። ከፈረንጆቹ 1993 ጀምሮ ፓታጎኒያ የተባለው የልብስ ኩባንያ ካገለገለ ጠርሙስ ፍሊስ ማሠራት ጀምሯል። ይኼን ስነግራቸው አንዷ ልጅ በግራ እጇ ጠርሙሷን፣ በቀኝ እጇ ጨርቁን ጨብጣ ዐይኗን ጨፈነች። ከዚያ "ውሸት ነው" አለች። በአማርኛ! የዚያን ቀን የመጀመሪያዋ ሙሉ ዓረፍተ ነገሯ እሷ ነበረች።

ልጆች "ማን ሠራው?" ማለት ይወዳሉ። ስለዚህ ተዘጋጅታችሁ ግቡ። ይኼ ጨርቅ የወጣው ማሳቹሴትስ ውስጥ ሎረንስ ከምትባል ከተማ ነው። እዚያ ማልደን ሚልስ የሚባል የቤተሰብ ፋብሪካ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከፓታጎኒያ ጋር ሆኖ ነው ፍሊስን ያወጣው። ሎረንስ ድሮም ዛሬም የስደተኛ ከተማ ናት። በታኅሣሥ 1995 ለፈረንጆቹ የገና በዓል ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፋብሪካው ተቃጠለ። ባለቤቱ አሮን ፎየርስታይን 70 ዓመት ሞልቷቸው ነበር። የመድን ገንዘቡን ተቀብለው ቤታቸው መቀመጥ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ፋብሪካውን መልሼ እሠራለሁ አሉ። ሥራ ለፈቱት ሠራተኞችም ለወራት ደመወዝ ከፈሉ። አገር ጉድ አለ። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በ2001 ኩባንያው ዕዳ መክፈል አቅቶት ፍርድ ቤት ገባ፣ ከጊዜ በኋላም ከእጃቸው ወጣ። ይኼንንም ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ። አንዱ "ታዲያ ደመወዙን ባይከፍሉ ይሻል ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ተጨቃጨቀ። ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ። አላስቆምኳቸውም።

የበግ ጸጉሩንም አልዘለልኩትም። መንዝ ውስጥ በግ ተሸልቶ ጸጉሩ ይፈተላል፣ ከዚያ ባና ይሆናል፤ የደጋ ሰው ያንን ለብሶ ነው ብርዱን የሚያሳልፈው። ፎቶ አሳየኋቸው። "ይኮሰኩሳል?" አሉኝ። በደንብ ነዋ!

ወደ ሥራው እንግባ።

ጨርቁ እዚህ አገር በያርድ ነው የሚሸጠው። አንድ ያርድ 36 ኢንች ነው፣ 91 ሴንቲ ሜትር ገደማ። የጨርቁ ስፋት ግን ብዙ ጊዜ 60 ኢንች ይጠጋል፤ አንድ ሜትር ተኩል ማለት ነው። ስካርፉ ርዝመቱን የሚያገኘው ከዚህ ከስፋቱ ነው። እኔ መጀመሪያ ሳልማር ይኼን ገለበጥኩት። በያርዱ ቁመት ቆርጬ ዘጠና ሴንቲ ሜትር የሆነ ነገር ይዤ ቀረሁ። አንገት አንዴ ይዞርና ያልቃል። ልጄ አሻንጉሊቷን አለበሰችው።

በትክክል ሲቆረጥ ሒሳቡ ቀላል ነው። የያንዳንዱ ስካርፍ ወርድ 9 ኢንች ይሁን። ከአንድ ያርድ አራት ይወጣል። ለ12 ልጅ ሦስት ያርድ በቃ። እኔ ግን አራት እገዛለሁ፤ የሚበላሽ አይጠፋም። ሱቅ ሄዳችሁ ስትመርጡ የጨርቁን ፊት በመዳፋችሁ ጠንከር አድርጋችሁ እሹት። ወዲያው ትንንሽ እንክብል ካወጣ ተዉት፤ በሁለት ሳምንት የተቦጨቀ ብርድ ልብስ ይመስላል። ጆአን የሚባለው የጨርቅ መደብር እያለ ሁላችንም እዚያ ነበር የምንሮጠው። በ2025 ሱቆቹን በሙሉ ዘጋ። አሁን ትንሽ መዞር ይጠይቃል።

ከመቁረጥ በፊት መለካት አለ። ሜትሩን ደበቅኩና "በስንዝር ለኩት" አልኳቸው። ስንዝር ምን እንደሆነ አውራ ጣቴንና ትንሿን ጣቴን ዘርግቼ አሳየሁ። አሥራ ሁለት እጅ ጠረጴዛው ላይ እንደ ሸረሪት መሄድ ጀመረ። ትንሹ ልጅ "አሥራ አንድ!" አለ። ትልቋ "ዘጠኝ" አለች። እኔ ስለካው ሰባት ተኩል ሆነ። ያው አንድ ጨርቅ! ክርክር ተነሣ። "አንተ አሳጥረህ ነው"፣ "አንቺ ዘለሽ ነው።" አንዱ ቀጥሎ በክንድ ለካው። ሜትሩን ሳወጣው ለምን እንደተፈለሰፈ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ምልክት ማድረጊያ ጠመኔ ይሆናል። እኔ ግን እናቴ እንደምታደርገው ያለቀ ሳሙና ነው የምጠቀመው፤ ስስ ሆኖ ሲቀር መስመሩ ቀጥ ይላል፣ በኋላም ታጥቦ ይለቃል። ነጭ ጨርቅ ላይ አይታይም እንጂ።

መቀስ ላይ ቆጣቢ አትሁኑ። የትምህርት ቤት የወረቀት መቀስ ፍሊስን አይቆርጠውም፣ ያኝከዋል። ልጁ ይታገላል፣ አውራ ጣቱ ይቀላል፣ በመጨረሻ "አልችልም" ይላል። አልችልም ያስባለው መቀሱ ነው። ጫፉ ዱልዱም፣ ስለቱ ግን የሚቆርጥ መቀስ ግዙ። በዚያ መቀስ ወረቀት የቆረጠ ወዮለት! ግራኝ ልጆችን ደግሞ አትርሱ። ክፍሌ ውስጥ ሁለት አሉ። የቀኝ መቀስ ሲሰጣቸው ጨርቁ በስለቱ መሃል ይታጠፍባቸዋል። የግራ መቀስ የሰጠኋቸው ቀን አንደኛው ዝም ብሎ መቀሱን አገላብጦ አየው። ከዚያ ከሁሉም በፊት ጨረሰ።

ለዘርፉ ደግሞ አንድ ዘዴ አለች። ከጫፉ አምስት ኢንች ገባ ብላችሁ ከዳር እስከ ዳር ፕላስተር ለጥፉ፣ የቀለም ቀቢዎችን ዓይነት። "ፕላስተሩ ጋ ስትደርሱ ቁሙ" ብቻ ነው ትእዛዙ። ከጫፍ ተነሥተው ወደ ፕላስተሩ እየቆረጡ ይገባሉ፣ የያንዳንዱ ስፋት አንድ ጣት ይሁን። 9 ኢንች ላይ አሥራ ሁለት ገደማ ይወጣል። ይኼ ቀይ ስካርፍ ፕላስተሩን ሳላውቅ በፊት የተሠራ ነው። ቀዳዳውም የመጣው ከዚያ ነው።

ስለ ካውያ አንድ ቃል። ጨርቁ ሱቅ ውስጥ ታጥፎ ስለከረመ መስመር ነበረው። ማታ "ላስተካክልላቸው" ብዬ ካውያ አሳረፍኩበት። ፕላስቲክ ነው ብያችሁ የለ? ቀለጠ። ጸጉሩ ተኝቶ እንደ ብርጭቆ አበራ፣ ካውያዬም አብሮ ተበላሸ። ፍሊስ አይተኮስም። በዚሁ ምክንያት ምድጃ አጠገብም አይለበስም፤ እሳት ከነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ለልጆቹ ግልጽ አድርጋችሁ ንገሯቸው። ሸርተቴ ላይ ሲወጡም ጫፉ ካፖርት ውስጥ ይግባ፤ የተንጠለጠለ ስካርፍ ከተያዘ አንገት ያንቃል። ሦስት አራት ዓመት ለሆኑት ትንንሾች እኔ ጭራሽ አላሠራም።

አንድ ልጅ፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ እጁን አጣምሮ "ይኼ የሴት ሥራ ነው" አለኝ። "በእኛ አገር ሸማኔው ማን ነው?" አልኩት። ዝም። የዶርዜ ሸማኔዎችን ፎቶ አወጣሁ። ሁሉም ወንዶች። ፈታዮቹ ሴቶች፣ ሸማኔዎቹ ወንዶች። መቀሱን አነሣ። ለልጆቹ ያልነገርኳቸውን ግን ለእናንተ ልንገራችሁ። ያ ሸማኔ ስንት ዘመን በሥራው ሲሰደብ ኖሯል! አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰዋል። ስድቡ ከአዋጁ በኋላም ቆይቷል። እኛስ ልጆቻችን ዶክተርና ኢንጂነር ይሁኑልን ስንል እጃቸውን ለኪቦርድ ብቻ ያሳደግንባቸው አይመስላችሁም? ይኼን ትቼ ልለፍ፤ ሰዓቴ ሊያልቅ ነው።

አሁን ወደምወደው ቦታ ደረስኩ።

የአንዷ ተማሪ አያት ልጅቷን ሊያመጡ መጥተው ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ነጠላቸውን ደርበዋል። ልጆቹ ዘርፉን ቆርጠው ሲጨርሱ "ይኼን አሁን ምን ታደርጉታላችሁ?" አሉ። "እንቋጨዋለን፣ እማማ" አልኳቸው። ተነሥተው መጡ። ፍሊሱን በሁለት ጣታቸው አሹት፣ ገለበጡት፣ ዐይናቸው ድረስ አስጠጉት። "ድር የለው፣ ማግ የለው። ምኑን ነው የምትቋጪው?" አሉኝ።

ከዚያ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ጫፉን ጭናቸው ላይ ዘረጉት። ገና ያልተቋጨ አንድ ስንዝር የሚያህል ቦታ ነበረው። ከክሩ ጥቂቱን ለይተው ያዙ፣ አጠገቡ ሌላ ጥቂት። ጣታቸውን በምላሳቸው አራሱ። ሁለቱንም በመዳፋቸው ጭናቸው ላይ ወደፊት አሸት አደረጓቸው፤ ሁለቱም ከረሩ። አንድ ላይ አገናኟቸውና ወደኋላ መለሷቸው። ሁለቱ ክሮች እርስ በርስ ተጠማዘው ገመድ ሆኑ። ጫፏን ቋጠሩ። ሦስት ሰከንድ አልፈጀም። አሥራ ሁለቱም ልጆች ትንፍሽ አላሉም። ከመሃላቸው አንዱ "ድገሚው" አለ። ሴቶቹ ልጆች ባንድ ድምፅ "ይድገሙት በል!" ብለው ጮሁበት። እኔ አንቱታን ሁለት ወር አስተምሬ እንዲህ አልሠረጸም።

ተራው የኔ ሆነ። ከፍሊሱ ዘርፍ አንዱን ያዝኩና ቀስ ብዬ ሳብኩት። በስፋቱ በኩል የተቆረጠ ፍሊስ ሲሳብ ጠርዙ ወደ ጀርባው ይጠቀለላል። ጠፍጣፋው ዘርፍ ዓይናቸው እያየ ክብ ሆነ፣ እንደ ገመድ። እማማ ሳቁ። "ይኼስ ራሱን ቋጨ!" አሉ።

የዚያን ቀን ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ "ቋጨ"። ልጆቹ "ቋ"ን አያውቋትም ነበር። ዘፈኑ "ቀ ቁ ቂ" ብሎ ያልፋታል፣ "ቋ" ከገበታው ግርጌ ተጥላ ነው የምትኖረው። እኔም እስከዚያ ቀን አስተምሬያት አላውቅም። አሁን ሁሉም ይጽፏታል። ነገርንም ሰው ይቋጨዋል፣ ሽማግሌ ጉዳይ ይቋጫል ስላቸው "ስብሰባም ዘርፍ አለው?" ብለው ሳቁ። የኮሚቴያችንን ስብሰባ የምታውቁ መልሱን ታውቃላችሁ።

ዘርፉን ሁለት ሁለቱን ማያያዝ ይቻላል፣ እያንዳንዱን ለብቻው መቋጠርም ይቻላል። ቋጠሮው ሥሩ ላይ በጣም ከጠበቀ ጨርቁን ይሰበስበዋል፤ ላላ ይበል። ሌላ ትምህርት የለውም። ቋንቋው ግን አለው። ያዝ፣ ያዢ። ሳብ፣ ሳቢ። ቁረጥ፣ ቁረጪ። አቀብለኝ፣ አቀብዪኝ። ሁለት ሁለት አድርጌ አስቀምጣቸዋለሁ፤ አንዱ ይዞ አንዱ ይቆርጣል። የሚቆርጠው ያለ ትእዛዝ አይቆርጥም። ልጅቷን "ሳብ" ካላት አትስብም። "ሳቢ" እስኪል ድረስ ቁጭ ብላ ታየዋለች። ግስ ማርባት ይኼው ነው፤ ደብተር አላወጣንም።

አንድ ቅሬታ አለኝ፣ እናንተም ላይ ነው። ወላጆች ሊወስዷቸው ሲመጡ አሥር ደቂቃ ይቀራል። አንድ አባት ገባ፣ ልጁ ሲታገል አየ፣ "አምጣው እስቲ" አለ። በሁለት ደቂቃ ስድስት ቋጠሮ ጨረሰለት። በጣም የሚያምር ቋጠሮ ነው። ልጁ ስካርፉን አጣጥፎ ለአባቱ ሰጠውና ጃኬቱን መልበስ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ያንን ስካርፍ ልጁ አንገት ላይ አላየሁትም። ይኼ ቀይ ቀዳዳ ያለው ግን ይኸውና፤ ለአንድ ሰዓት ውሰት እንኳ ተለምኖ ነው የመጣው።

አጠባቡ ቀላል ነው። በቀዝቃዛ ውኃ፣ ገልብጣችሁ፣ ልብስ ማለስለሻ ሳትጨምሩ። ቶሎ ቶሎ ማጠብም አያስፈልገውም፤ በታጠበ ቁጥር ጥቃቅን የፕላስቲክ ጭረት ወደ ውኃው ይለቃል። ቁርጥራጩን አትጣሉት፣ ትራስ ውስጥ ይሞላል። ብናኙ ጥቁር ልብስ ላይ እንደ ድመት ጸጉር ይጣበቃል። እንደኔ ጥቁር ለብሳችሁ የመጣችሁ አስቡበት።

ምክንያቱም አሁን ልትሠሩ ነው። ጨርቁና መቀሱ ከኋላ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ልጆቹ ከጎን ክፍል እየመጡ ነው፤ የዛሬ አስተማሪዎቻችሁ እነሱ ናቸው። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ። አንድ ሕግ ብቻ አለ። ልጃችሁ በአማርኛ "ቁረጥ" ወይም "ቁረጪ" ሳይላችሁ መቀስ እንዳትነኩ። ከተሳሳተም ዝም ብላችሁ ጠብቁት።